ትርፍ አንጀት ውስጥ የተገኘ ዕጢ፦ ሐዋሳ ላይ የተነሣ አንድ ጥያቄና የተከተሉት 25 መልሶች

ጥያቄውን ያቀረበው የሐዋሳ ነዋሪ የሆነ ወንድም ነው። የ29 ዓመት ታናሽ እኅቱ በአጣዳፊ የትርፍ አንጀት ሕመም ተይዛ፣ ስሙን ባልጠቀሰው አንድ የግል ሕክምና ተቋም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቁስሏም ያለ ችግር ድኖ ነበር። የወጣው ትርፍ አንጀት ለፓቶሎጂ ምርመራ (ከሰውነት የወጣ አካል በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ምርመራ) ተልኮ ስለነበር ግን፣ ቤተሰቡ ነገሩን ከረሳው በኋላ ካርሲኖይድ የተባለ ዕጢ አለበት የሚል ውጤት መጣ። ውጤቱን ያዩ ሁለት ሐኪሞችም አልተስማሙም፤ አንደኛው የትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍል በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት ሲሉ፣ ሌላኛው በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጉዳዩ አብቅቷልና ወደ ሥራዋ ትመለስ ብለዋል። ወንድምየው የፈለገው ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ እንዲነገረው ነው። ጥያቄው በጨዋነት የተጻፈ ቢሆንም ለመልስ ከሚያስፈልገው መረጃ ግማሹን እንኳ አልያዘም፤ ውይይቱ ይህን ያህል የረዘመውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

1ኛው መላሽ ጌታ እንዲፈውሳት ከተመኘ በኋላ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄዱ መከረ። 2ኛዋ መላሽ ምክሩን ባትቃወምም፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚያገኙት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ያንኑ የፓቶሎጂ ወረቀት ስለሚሆን፣ ከመንገዱ በፊት ወረቀቱ ራሱ በሚገባ ይነበብ አለች።

3ኛውን መልስ የሰጡት የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሐኪም መሆናቸውን የገለጹ ሰው ሲሆኑ፣ ወዲያው ወደ ፍሬ ነገሩ ገብተዋል። ዕጢው በሰፊው ጎኑ ሲለካ ስንት እንደሆነ፣ የተገኘው በትርፍ አንጀቱ ጫፍ ላይ፣ መካከል ላይ ወይስ ከትልቁ አንጀት ጋር በሚገናኝበት ሥር ላይ እንደሆነ፣ የተቆረጠበት ጠርዝ ከዕጢ ነጻ መሆን አለመሆኑን፣ ትርፍ አንጀቱን ወደሚያንጠለጥለው ስብ ገብቶ ከሆነም በስንት ሚሊ ሜትር እንደዘለቀ፣ በመጨረሻም የዕጢው ደረጃ ስንት እንደሆነና ወደ ደም ወይም ወደ ሊምፍ ሥሮች መግባት አለመግባቱን ጠየቁ። እነዚህ ሳይታወቁ ከሁለቱ ሐኪሞች አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስሕተተኛ ማለት እንደማይቻልም ገለጹ። በዚያው መልሳቸው፣ እንዲህ ያለው ዕጢ ከሚወጡ 1000 ትርፍ አንጀቶች ከ3 እስከ 9 በሚሆኑት ውስጥ እንደሚገኝ፣ ስለዚህም በዓመት ብዙ መቶ ትርፍ አንጀት የሚያወጣ ሆስፒታል ሁሉ እንደሚያጋጥመው አስረዱ። ከአራቱ ሦስት ያህሉ ጫፉ ላይ የሚበቅሉ በመሆናቸው የትርፍ አንጀቱን ቀዳዳ እምብዛም አይዘጉም፤ ሕመሙን ያመጣው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ዕጢው በአጋጣሚ የሚገኘውም በዚህ የተነሣ እንደሆነ ገልጸዋል።

4ኛው መላሽ ከራሱ ታሪክ ተነሣ። ከዓመታት በፊት በተመሳሳይ መንገድ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ዕጢ ተገኝቶበት እንደነበር፣ ምንም ተጨማሪ ሕክምና ሳይደረግለት እስከ ዛሬ በጤና እንደሚኖርና ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እንደሚሮጥ ተርኮ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚባለው ነገር በማንም ላይ ሊደረግ አይገባም ብሎ ደመደመ። 5ኛው መላሽ ይህን በቁጣ ነው የተቀበለው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ዕጢ የመዛመት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ እስከወጣ ድረስ ሌላ ቀዶ ሕክምናም ሆነ ክትትል እንደማያስፈልገው አምኖ፣ ይህ ግን መጠኑ ገና ላልተነገረ የሌላ ሰው ዕጢ ዋስትና ሊሆን እንደማይችል፣ በማያውቁት ነገር ሰውን ማጽናናትም ከማሳሳት እንደማይለይ ጻፈ። በይዘቱ እርማቱ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን 4ኛውን መላሽ አስኮርፎት ከዚያ በኋላ በውይይቱ ውስጥ አልታየም።

በ6ኛው መልስ ጠያቂው ራሱ ተመልሶ መጣና ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ሁሉ ዘረዘረ፤ ዝርዝሩ አጭር ነበር። የዕጢው መጠን 1.3 ሴንቲ ሜትር፣ ቦታው ጫፉ ላይ፣ ዓይነቱ ካርሲኖይድ ይላል። ወደ ስቡ መግባቱ ተጽፏል፤ ምን ያህል እንደገባ ግን አልተጻፈም። ስለ ተቆረጠው ጠርዝ፣ ስለ ደረጃውና ስለ ደም ሥሮች አንድም ቃል አልነበረበትም።

7ኛዋ መላሽ የፓቶሎጂ ሐኪም ናቸው፤ የእርሳቸውን መልስ ከሁሉ በላይ ጠቃሚ አድርጌ አየዋለሁ። ካርሲኖይድ የሚለው ስያሜ ጀርመናዊው የፓቶሎጂ ሐኪም ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር በ1907 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቁት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ እንደሆነ፣ ዛሬ ግን ውጤቱ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሣ ዕጢ) ተብሎ ከነደረጃው መጻፍ እንዳለበት፣ ስለዚህ ወረቀቱ ስሕተት ሳይሆን ጎዶሎ እንደሆነ አስረዱ። ደረጃው የሚወሰነው ሕዋሳቱ በሚከፋፈሉበት ፍጥነት ነው። ኬአይ-67 በተባለው ልዩ ቀለም የሚቀልሙት ሕዋሳት ከመቶ ከ3 በታች ከሆኑ ደረጃ 1፣ ከ3 እስከ 20 ከሆኑ ደረጃ 2፣ ከ20 በላይ ከሆኑ ደረጃ 3 ይባላል። ከዚህ ጎን ለጎን በ2 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት ይቆጠራሉ፤ ከ2 በታች መሆናቸው ደረጃ 1ን ያመለክታል። ልዩ ቀለሙ በየላቦራቶሪው የሚገኝ ባይሆንም ቆጠራው ግን በተለመደው ቀለምና በተለመደው ማይክሮስኮፕ ሊሠራ የሚችል ስለሆነ፣ ሳይቆጠር ለመቅረቱ ምክንያት እንደማይታያቸው ተናገሩ። ከዚያም ቤተሰቡን ከሁሉ በላይ ያሳረፈውን ነገር ጨመሩ፦ ትርፍ አንጀቱ በፓራፊን ብሎክ (በሰም ጡብ) ውስጥ ተቀምጦ ስለሚቆይ እንደገና ተቆርጦ ሊታይ፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ሊቀለም ይችላል፤ መጓዝ ያለበት ብሎኩ እንጂ ታማሚዋ አይደለችም። ብሎኩንና ስላይዱን (ለማይክሮስኮፕ በመስተዋት ላይ የተዘረጋውን ናሙና) በደብዳቤ እንዲጠይቁም ለጠያቂው ነገሩት።

8ኛው መላሽ ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ አልገባውም። በተማረበት ዘመን ደንቡ ቀላል እንደነበር አስታወሰ፤ ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ የትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍል ይወጣል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ትርፍ አንጀቱን ማውጣት ይበቃል፤ 1.3 ደግሞ ከ2 ስለሚያንስ ጥያቄው መልስ አግኝቷል።

ለዚህ በ9ኛው መልስ ረጅም ማብራሪያ የሰጠው በስፔሻላይዜሽን ትምህርት ላይ ያለ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነው፤ ካለው እውቀት በላይ መራቀቅ የሚወድ ቢመስልም ነገሩን በሚገባ አብራርቶታል። በሁለቱ ጫፎች ላይ ሐኪሞች ብዙም እንደማይለያዩ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ባለው ላይ ምንም እንደማይጨመር፣ ከ2 በላይ በሆነው ላይ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እንደሚመከር፣ ክርክሩ ያለው ከ1 እስከ 2 ባለው መካከል እንደሆነ ገለጸ። የአውሮፓ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በዚህ መካከለኛ መጠን ውስጥ ያለ ዕጢ ሥሩ ላይ ከሆነ፣ ጠርዙ ነጻ ካልሆነ፣ ወደ ስቡ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከዘለቀ፣ ደረጃ 2 ከሆነ ወይም ወደ ሥሮች ከገባ ሰፊው ቀዶ ሕክምና ይታሰብ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች የተለያዩትም በዚህ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ገመተ፤ ወደ ስቡ ገብቷል የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ እንቁረጥ ቢል፣ 1.3 እና ጫፍ የሚሉትን ያነበበ ደግሞ ይበቃል ቢል የሚያስገርም አይደለም።

ይኸው ሬዚደንት በመቀጠል በ2023 እ.ኤ.አ. በላንሴት ኦንኮሎጂ መጽሔት የወጣውን ጥናት አነሣ። ጥናቱ ከ15 የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰቡ፣ ዕጢያቸው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ 278 ታማሚዎችን የተመለከተ ሲሆን፣ 163ቱ ትርፍ አንጀታቸው ብቻ የወጣ፣ 115ቱ ደግሞ የትልቁ አንጀታቸው ቀኝ ክፍል ጭምር የወጣላቸው ናቸው። ሰፊው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸውና መረጃቸው ከተገኘው 112 ሰዎች በ22ቱ ዘንድ በአካባቢው ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል፤ ትርፍ አንጀታቸው ብቻ ከወጣው መካከልም ጥቂት የማይባሉት በውስጣቸው እንዲህ ያለ ቅሪት ሳይኖርባቸው እንዳልቀረ ተገምቷል። ይሁንና 13 ዓመት ገደማ በሆነው የክትትል ጊዜ በዚህ ዕጢ ምክንያት የሞተ ሰው አልተመዘገበም፤ የሁለቱ ቡድኖች በሕይወት የመቆየት ዕድልም አልተለያየም። ስለዚህ አጥኚዎቹ ዕጢው በትርፍ አንጀቱ ሙሉ በሙሉ እስከወጣ ድረስ ለዚህ መጠን ሰፊው ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባ ይመስለኛል፤ በሊምፍ ኖድ ውስጥ ዕጢ መኖሩና ያ ዕጢ ሰውን መጉዳቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው፣ ካንሰር የሚለውን ቃል ሰምቶ ለደነገጠ ቤተሰብ ቀርቶ ለብዙ ባለሙያም በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም።

10ኛው መላሽ ሌላ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው፤ ጥናቱን ሳያጣጥሉ በጥርጣሬ ተመልክተውታል። ጥናቱ የተሠራው ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገብ በማገላበጥ እንጂ ታማሚዎችን በዕጣ መድቦ በማነጻጸር አለመሆኑን ካስታወሱ በኋላ፣ ዋናው ችግራቸው ሌላ እንደሆነ ገለጹ። ሙሉ በሙሉ እስከወጣ ድረስ የሚለው ቅድመ ሁኔታ፣ ስለ ጠርዙ ምንም በማይናገር ወረቀት ላይ እንዴት ሊረጋገጥ ይችላል? የአውሮፓን ድምዳሜ ለመዋስ የአውሮፓን የፓቶሎጂ ወረቀት አብሮ መዋስ እንደሚያስፈልግ፣ ያ በሌለበት የመጀመሪያው ሐኪም ለጥንቃቄ ሲሉ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መምከራቸው ሊወቀስ እንደማይገባ ተከራከሩ። ሬዚደንቱ ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ መልስ የሚኖረውም አይመስለኝም።

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል መልካም ነበር፤ 11ኛው መላሽ ግን አዲስ እሳት ለኮሰ። ሐኪሞች ቢላዋቸውን የሚስሉት ለኪሳቸው እንደሆነ፣ አንዴ የከፈቱትን ሆድ ደግመው ለመክፈት ምክንያት እንደማያጡ፣ የጥናቱም ጨዋታ ከዚህ የተለየ እንዳልሆነ ጽፎ፣ ለልጅቷ ዳማከሴና ነጭ ሽንኩርት አዘዘ። 12ኛው መልስ ከ3ኛው መላሽ የመጣ ነው፤ የቀድሞው ትዕግሥታቸው አልቆ ነበር። በመንግሥት ሆስፒታል ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ከደመወዙ ሌላ የሚያገኘው ድካም ብቻ እንደሆነ በምሬት ከገለጹ በኋላ፣ ሥራው ምን እንደሚመስል በዝርዝር አስረዱ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ የትልቁ አንጀት መነሻና በቀኝ በኩል ሽቅብ የሚወጣው ክፍል፣ ደም ከሚያመላልሱላቸው ሥሮችና በሥሮቹ ዙሪያ ካሉት ሊምፍ ኖዶች ጋር ወጥተው የተረፈው ትንሽ አንጀት ከትልቁ ጋር ይጋጠማል። የፓቶሎጂ ባለሙያውም ከወጣው ውስጥ ቢያንስ 12 ሊምፍ ኖድ እንዲያይ ይጠበቃል። የሚፈራው መጋጠሚያው ሳይያያዝ ቀርቶ የአንጀቱ ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ የፈሰሰ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ አጣዳፊ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ያሉት ለ11ኛው መላሽ ክስ መልስ ለመስጠት ነበር፤ ሳያስቡት ግን በማይገባው ሰው ላይ ይህን ቀዶ ሕክምና መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከሁሉም በተሻለ አስረድተዋል።

በ13ኛው መልስ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ያለፉ አንዲት እናት የራሳቸውን ነገሩ። የእርሳቸው ዕጢ 2.4 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከወጡት ሊምፍ ኖዶችም በሁለቱ ውስጥ ዕጢ ስለተገኘ በተሠራላቸው ሥራ አልተጸጸቱም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ከባድ ነበሩ። ቅባት ያለው ምግብ በቀመሱ ቁጥር ተቅማጥ ይይዛቸው ስለነበር፣ ጎረቤቶቻቸው በሚያመጡላቸው የቡላ አጥሚት ነው ያገገሙት። ሐኪማቸው እንዳስረዷቸው፣ የሐሞትን ፈሳሽ መልሶ የሚመጠው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ስለወጣ ፈሳሹ ወደ ትልቁ አንጀት እየወረደ ነበር ተቅማጡን ያመጣው። ለጠያቂው፣ እኅትህ የግድ ካስፈለጋት አትፍራ፤ ካላስፈለጋት ግን ለጥንቃቄ ተብሎ የሚደረግ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ የሚል መልእክት አስተላልፈዋል። ከባለሙያዎቹ ክርክር ይልቅ ቤተሰቡን ያረጋጋው የእርሳቸው ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ ጠያቂው ከሁሉም መላሾች ለይቶ ያመሰገነው እርሳቸውን ነው፤ እናቴ ብሎም ጠርቷቸዋል።

14ኛው መላሽ የአፕል ኩባንያ መሥራች የነበረውን ስቲቭ ጆብስን የገደለው ይኸው በሽታ እንደሆነ በመግለጽ ቤተሰቡን እንደገና አስደነገጠ። 15ኛዋ መላሽ ፈጥና አረመችው። የስቲቭ ጆብስ ዕጢ በ2003 እ.ኤ.አ. የተገኘው በጣፊያው አጠገብ ባለው በቆሽት ውስጥ እንጂ በትርፍ አንጀት ውስጥ እንዳልነበረ፣ ቀዶ ሕክምናውንም ለወራት እንዳዘገየው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ከመሞቱ በፊትም ዕጢው ወደ ጉበቱ ተዛምቶ እንደነበር ጠቅሳ፣ የሁለቱ ዕጢዎች የቤተሰብ ስም አንድ ቢሆንም ጠባያቸው የተለያየ እንደሆነ ጻፈች። ስለ ስልኮችና ስለ ሀብት የተጀመረውን ጨዋታ ወደ ጎን እተወዋለሁ።

16ኛዋ መላሽ ትርፍ አንጀቷ ከወጣ በኋላ ፊቷ በድንገት እየቀላ የሚያስቸግራት ሴት ናት፤ የእርሷም ትርፍ አንጀት ሳይመረመር ስለተጣለ ይህ በሽታ ይኖርባት እንደሆነ ጠየቀች። 17ኛውን መልስ የሰጡት 10ኛው መላሽ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ለስለስ ብለው ነበር። የፊት መቅላት፣ ተቅማጥና የአተነፋፈስ ማፏጨት አንድ ላይ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ዕጢው ወደ ጉበት ተዛምቶ ሴሮቶኒንና መሰል ንጥረ ነገሮችን በቀጥታ ወደ ደም ሲረጭ እንደሆነ፣ ከትርፍ አንጀት በተነሣ ዕጢ ይህ እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚያጋጥም ገልጸው፣ ፊት የሚቀላበት ሌላ ብዙ የተለመደ ምክንያት ስላለ በአቅራቢያዋ ባለ ሐኪም እንድትታይ መከሯት። ሐኪሟ የ24 ሰዓት የሽንት ምርመራ ያዘዘላት እንደሆነ ግን፣ ከምርመራው በፊት ላሉት ሁለት ሦስት ቀናት ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስና ቲማቲም መተው እንዳለባት አሳሰቡ፤ እነዚህ ምግቦች ራሳቸው ሴሮቶኒን ስላላቸው በሽታ የሌለበትን ሰው በሽተኛ ያስመስላሉ። አቮካዶ በየጁስ ቤቱ በሚጠጣበት ከተማ ይህ ምክር ተራ ነገር አይደለም። ክሮሞግራኒን የሚባለውን የደም ምርመራ በሚመለከትም፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ያለ ምንም ዕጢ ከፍ ያለ ውጤት ሊያሳይ እንደሚችል አክለዋል።

ትርፍ አንጀቷ ሳይመረመር ተጣለ የሚለው የ16ኛዋ መላሽ ቃል 18ኛውን መላሽ ቀሰቀሰው። የአጎቱ ትርፍ አንጀት በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከነውኃው ለቤተሰቡ ተሰጥቶ ላቦራቶሪ ፈልጉ እንደተባሉ፣ ቅዳሜ ስለነበር እስከ ሰኞ ቤት አስቀምጠውት ከርሞ ላቦራቶሪው ሊቀበለው እንዳልቻለ በቁጭት ተረከ። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልገለጸም፤ እዚህም መገለጥ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። 19ኛው መልስ የአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ እንዲህ ያለ ጠርሙስ በመስኮቱ ሲገባለት ብዙ ጊዜ እንዳየ ገለጸ። አካሉ ከወጣ በኋላ ሳይዘገይ በ10 ከመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት እንዳለበት፣ ፈሳሹም ከአካሉ አሥር እጥፍ ያህል መሆን እንደሚገባው፣ በውኃ ወይም በግሉኮስ ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ ግን መበስበሱን እንደማያቆምና ሕዋሳቱ ስለሚፈርሱ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያነበው እንደማይችል አስረዳ። አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ መመረጥ እንዳለበትም አሳሰበ፤ በጠባብ አፍ የገባ አካል በፎርማሊን ከጠነከረ በኋላ ዕቃው ካልተሰበረ አይወጣም። የምርመራው ክፍያ ከብዶት ሳያስመረምር የሚቀር ቤተሰብ እንዳለ ሲጠቀስም፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው አስቀድሞ ምን እንደሚሸፈንለት በጤና ጣቢያው እንዲጠይቅ መከረ።

20ኛው መላሽ አባቱ በተመሳሳይ መንገድ ትርፍ አንጀቱ ወጥቶ ጎብሌት ሴል የሚል ውጤት እንደመጣለት ገልጾ፣ ከላይ በተባለው መሠረት ምንም እንደማያስፈልገው በመረዳቱ እፎይ ማለቱን ጻፈ። 21ኛው መልስ የፓቶሎጂ ሐኪሟ ነበር፤ ይህን ሲያነቡ እንደደነገጡ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ቀደም ሲል ጎብሌት ሴል ካርሲኖይድ ይባል የነበረው ዕጢ ሌላ በሽታ እንደሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ አዴኖካርሲኖማ (የካንሰር ዓይነት) ተብሎ ከኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች መለየቱን፣ እንደ ትልቅ አንጀት ካንሰር ታይቶ የቀኝ ክፍሉ እንዲወጣ በአብዛኛው እንደሚመከርና አንዳንዴም ኬሞቴራፒ እንደሚከተለው፣ ስለዚህ በዚህ ውይይት ውስጥ ከተባለው አንዱንም ለአባቱ እንዳይወስድ፣ ነገ ዛሬ ሳይልም ሐኪም ዘንድ እንዲያደርሳቸው ጻፉለት። ስለ አንዱ በሽታ የተጻፈ መልካም ወሬ ለሌላው በሽታ መርዝ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላየሁም።

22ኛዋ መላሽ የ12 ዓመት ልጇን ጉዳይ አነሣች፤ በልጆች ላይ ዕጢው በአብዛኛው ትንሽ እንደሆነና ትርፍ አንጀቱ መውጣቱ ብዙውን ጊዜ እንደሚበቃ በአጭሩ ተመለሰላት፤ መልሱም ቁጥር አልተሰጠውም።

በ23ኛው መልስ ጠያቂው አዲሱን ውጤት ይዞ መጣ። ብሎኩ እንደገና ተቆርጦ ታይቷል። መጠኑ 1.3 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ጸንቷል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ከዕጢው ርቆ ነጻ ነው፤ ወደ ስቡ የገባው ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በደምም ሆነ በሊምፍ ሥሮች ውስጥ ዕጢ አልታየም። ቆጠራውም፣ አዲስ አበባ ተልኮ የተቀለመው ኬአይ-67ም ደረጃ 1 መሆኑን አመልክተዋል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መክረው የነበሩት ሐኪም አዲሱን ወረቀት ካዩ በኋላ፣ ይህ መጀመሪያ በእጃቸው ቢኖር ኖሮ እንደዚያ አይሉም እንደነበር ነግረዋቸው ምክራቸውን አንሥተዋል። እኅትየውም ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።

24ኛው መልስ እንደገና የ10ኛው መላሽ ነው። በውሳኔው ተስማምተው፣ ለጥቂት ዓመታት ግን በየዓመቱ አልትራሳውንድ ብትነሣ እንደማይከፋ ሐሳብ አቀረቡ። ሬዚደንቱ በዚሁ ሥር፣ ሙሉ በሙሉ ለወጣ ደረጃ 1 ዕጢ በየዓመቱ መመርመር ወጪና ሥጋት ከመጨመር በቀር የሚያስገኘው ጥቅም በጥናት አልተደገፈም በማለት ተቃወመ። ሐኪሙ በበኩላቸው ታማሚዋ የምትኖረው በጥናት ውስጥ ሳይሆን በሐዋሳ እንደሆነ መለሱ። በዚህ ላይ አልተስማሙም፤ ጠያቂው ግን ውሳኔውን ለእኅቱና ለሐኪሟ እንደሚተው ገልጿል።

በ25ኛው መልስ የፓቶሎጂ ሐኪሟ ወደ ሥራ ባልደረቦቻቸው ዞሩ። ስለ ጎዶሎ ወረቀት ብዙ እንደተባለ ካስታወሱ በኋላ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ እርሳቸው የሚመጣው የመጠየቂያ ቅጽ ብዙ ጊዜ ትርፍ አንጀት ከሚል ቃል በቀር ምንም እንደማይዝ ገለጹ። የታማሚው ዕድሜ፣ ሆዱ ሲከፈት የታየው ነገር፣ ትርፍ አንጀቱ ተበስቶ እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ሥሩ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ከተጻፈላቸው፣ በተቆረጠው ጠርዝ ላይም አንድ የክር ምልክት ከታሰረላቸው፣ እርሳቸው ደግሞ መጠን፣ ቦታ፣ ጠርዝ፣ ጥልቀት፣ ደረጃና ሥሮች የሚሉ ስድስት መስመሮች ያሉት የውጤት ቅጽ ለመሙላት ዝግጁ መሆናቸውን አስታወቁ። 3ኛው መላሽ ከሥሩ ቅጹን እንዲልኩላቸውና ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በቀዶ ሕክምና ክፍላቸው እንደሚለጥፉት ጽፈዋል።